ዕረፍት ያልከው አምስት ደቂቃ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክ መደወሉን ትቼዋለሁ። አራት ጊዜ ደወልኩ፤ አራቱንም ጊዜ ጸሐፊህ "ዶክተር ስብሰባ ላይ ናቸው" አለችኝ። በአምስተኛው "እህታቸው ነኝ" ስላት "እሺ፣ እህታቸው ብዬ እጽፋለሁ" አለችኝ። እሷ ከጻፈች እኔስ ምን አነሰኝ ብዬ ይኸው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ደህንነትህን አልጠይቅም፤ ደህና መሆንህን ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ተስማምቶሃል፣ ወፈር ብለሃል። ክራቫቱ ግን አያምርብህም።

የምጽፍልህ ስለ ልጄ ስለ ፌንጣ ነው። ተናድጃለሁ። ከወዲሁ ልንገርህ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ይበርድላታል ብለህ እንዳትጠብቅ።

ባለፈው ማክሰኞ የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር አስጠሩኝ። ቢሯቸው ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል። የሆስፒታላችን ማህተም አለበት፤ ከማህተሙ ጎን ደግሞ የአንተ ፊርማ፣ ያ ጅራቱ የሚረዝመው። አሁን ወዳለህበት ከተማ ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀርህ በፖስታ አሽገህ "ይህን ለትምህርት ቤቱ ስጪልኝ" ያልከኝ ወረቀት ነው። እኔም ከወንድሜ እጅ የወጣ ነው ብዬ ሳልከፍተው በገዛ እጄ ወስጄ አስረክቤ ነበር። ርዕሰ መምህሯ አንዱን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። "ምርመራው አልተሳካም። ልጅቷ አልተባበረችም።"

አራት ቃል። አሥራ ስምንት ዓመት ተምረህ ለእህትህ ልጅ የጻፍክላት አራት ቃል ነው።

"እኛማ ስንት ታገስናት" አሉኝ ርዕሰ መምህሯ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሲናገሩ ዐይኔን ማየት አቅቷቸው ነበር። "መምህሯ 'አልቀመጥ አለችኝ' ስትል፣ ቆይ እስቲ ሐኪም ይያት አልን። ሐኪሙም ይኸው ያሉትን አሉ። ደግሞ አጎቷ ናቸው አሉ። አጎቷ ያልቻሏትን እኛ እንዴት አድርገን እንቻላት?"

"እሳቸው አልቻልኳትም አላሉም" አልኩ።

"ታዲያ ምን ማለታቸው ነው?"

ሰኞ ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኞ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ፌንጣ በሚመጣው መንፈቅ ወደ ክፍሏ ትመለስ አትመለስ ይወስናሉ። ካልተመለሰች የት እንደምወስዳት አላውቅም። በአካባቢያችን ያለው ሌላው ትምህርት ቤት ሐኪም "አልተባበረችም" ያላትን ልጅ ከበሩ አያሳልፋትም። ለነሱ የሚቀርበው ማስረጃ የአንተ ወረቀት ብቻ ነው።

ያን ቀን የሆነውን አንተ ረስተኸው ይሆናል። የአንጎል ሞገድ ከሚቀዳው ማሽን ፊት የተቀመጥኩት ግን እኔ ነበርኩና ልንገርህ።

በኮሪደሩ መጨረሻ ያለችው መስኮት የሌላት ክፍላችን፣ ከጥርስ ሕክምና የተረፈው ያ ቆዳው የተላጠ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በእጅህ የጻፍካቸው ሦስት ትእዛዞች፦ እጅ ጉልበት ላይ፤ ዐይን መጨፈን፤ ምንም አለማሰብ። እንደማንኛውም ልጅ የራሷን ዙሪያ በሜትር ለካሁ፣ ጸጉሯን በማበጠሪያ እየከፈልኩ ቅባቱን ቀባሁ፣ ሽቦ ያለውን ኮፍያ አጠለቅሁላት። "እማዬ፣ ቀንድ አውጣ ራሴ ላይ እየሄደ ነው" አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"ማሽኑ የማስበውን ያያል?"

"አያይም።"

"ታዲያ ምን ያያል?"

"ስታርፊ አንጎልሽ ምን እንደሚሠራ።"

ትእዛዞቹን ቀና ብላ አየቻቸው። ማንበብ ትችላለች፤ ይህን መምህሯም አልካደችም። "እንዲህ ሆኜ ግን አላረፍኩም" አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ የስምንት ዓመት ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰችውን ነገር እኔና አንተ ሦስት ዓመት ሙሉ አላየነውም። እኔም በዚያ ሰዓት አላየሁትም። "እሺ፣ አሁን ዝም በይ" ነው ያልኳት።

አንተ ሰዓትህን እያየህ ገባህ። ዐይኗን ጨፈነች። እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ጉልበቷን ይዛ ነበር። አርባ ሰከንድ ያህል ቆየች። መንጋጋዋን ነክሳ ስለነበር በስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ወፍረው ጠቆሩ። ቀጥሎ እግሯ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ አንዱ ዐይኗ መጨፈኑን ለማረጋገጥ ሌላውን ገለጠችው። "ስንት ጊዜ ልንገርሽ?" አልካት። "እየሞከርኩ ነው" አለች። እንደገና ጀመርን። በሦስተኛው ላይ እሷ ቁጭ ብላ እየሰማች፣ ከራሷ በላይ ለእኔ ነገርከኝ፦ "ይቺ አትሆንም። አውልቂላት።"

አወለቅሁላት። ቅባቱን በደንብ ሳላጥብላት ይዣት ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ጸጉሯ በየቦታው ተጣብቆ ቆሞ ሰው ሁሉ ያያታል። እሷ ግን ሰው አላሳሰባትም። "እማዬ፣ አንጎሌ አይሆንም ማለት ነው?" አለችኝ። እኔም "አጎትሽ ደክሞት ነው" አልኳት። ስለ አንተ ዋሸሁ። ልጄ ፊት አንተን ለማዳን ዋሸሁ፤ አንተ ደግሞ በማግስቱ ቢሮህ ተቀምጠህ እነዚያን አራት ቃላት ጻፍክ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ፍርድ ከራስ ሲጀምር ነው ደስ የሚለው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባል የለ? እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ እንጨት ስሰድ ኖሬያለሁ። የአንተ ጥናት "ቀዥቃዣ የሚባሉ ልጆች አንጎል በዕረፍት ጊዜ" የሚል ነው። ልጆቹ እየመጡ እንቀዳቸዋለን፤ ከዚያ እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ "አጸዳለሁ"። ማጽዳት ብለን ነው የምንጠራው። ልጁ ዐይኑን ያርገበገበበትን፣ የዋጠበትን፣ የተነቃነቀበትን ቦታ ሁሉ እየቆረጥኩ እጥላለሁ። ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ደቂቃ ንጹሕ ካልተረፈ ልጁ እንዳለ ይሰረዛል። ቅጹ ላይ ለመሰረዣ የሚሆን ምክንያት አንድ ብቻ ነው ያለው፦ አልተባበረም። ሴት ስትሆን አልተባበረችም።

ስልሳ ስምንት ልጆች በዚያች በር ገብተዋል። ፌንጣ የመጨረሻዋ ነበረች። አርባ አንዱ ጥናቱ ውስጥ ቀሩ። ሃያ ሰባቱን በእጄ ሰርዣቸዋለሁ። ባለፈው ወር ያወጣኸው ሪፖርት "አርባ አንድ ልጆች ተመርምረዋል" ይላል። ጋዜጣውም ይህንኑ ጻፈ። ሃያ ሰባቱ የት ሄዱ? አንድ መስመር እንኳ የላቸውም፤ እንዳልተወለዱ ሁሉ።

መቀመጥ ስለማይችሉ ልጆች ልታጠና ተነሥተህ መቀመጥ የቻሉትን ብቻ አስቀረህ። ስለ ዝናብ ሊያጠና ወጥቶ ያልረጠቡትን ብቻ ቆጥሮ የተመለሰ ሰው ብታይ አትስቅም ነበር? የቀሩትም ቢሆኑ አላረፉም እኮ። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ "ምንም አታስብ" ተብለው አለማሰብን እያሰቡ ተቀምጠው ነው የቀዳናቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። እኔ ቴክኒሻን ነኝ፤ ቀርፋፋው ሞገድ ምን ማለት እንደሆነ፣ ፈጣኑ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እዚያ ውስጥ አልገባብህም። ያረፈና ያላረፈ ልጅ ለመለየት ግን ዲግሪ አያስፈልገኝም።

እናቶቹን ታስታውሳቸዋለህ? እኔ አንዳቸውንም አልረሳሁም። ቅጹ ስላሳፈረኝ በሰማያዊ ደብተር ላይ ስለ እያንዳንዱ የተሰረዘ ልጅ አንድ አንድ መስመር እጽፍ ነበር። አንዷ አፏን ዘግታ ታንጎራጉራለች፤ ካላንጎራጎረች ዐይኗን መጨፈን ያስፈራታል። አንዱ "ቆሜ ላርፍ?" ብሎ ጠየቀኝ። ቆሞ ማረፍ ክልክል ነው አልኩት። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ የመጣች የልብስ ሰፊ እናት ልጇ እንደማይቻል ስትሰማ "እኔ ይዤ ላስቀምጣት? ካስፈለገ በነጠላዬ አስራታለሁ" አለችን። ደግሞ ሁሉም ሲወጡ ይቅርታ ይጠይቁናል። "አስቸገረቻችሁ"፣ "ጊዜያችሁን በላ" ይላሉ። እኛም ምንም አይደል እያልን ይቅርታውን ተቀብለን በሩን እንዘጋለን። ይህ ነው ከሁሉ የሚያንገበግበኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነበርን።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ ዱቄቱ በአፌ ሁሉ ይሰማኛል።

ከርዕሰ መምህሯ ቢሮ በወጣሁ በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የክፍሉን ኃላፊ አስፈቅጄ ፌንጣን መልሼ ወሰድኳት። መምጣት አልፈለገችም። በሩ ጋ ስንደርስ እጄን ሳበችኝ። እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ሦስቱን ትእዛዞችህን ከግድግዳው መንቀል ነበር። ሲነቀል ከነቀለሙ ተነሣ፤ ግድግዳው ላይ አሁን ቅርጹ ቀርቷል፣ አንድ ቀን መጥተህ ታየዋለህ። ከዚያ ስልሳ ስምንት ልጆች ስንቀዳ አንዴም ጠይቀነው የማናውቀውን ጠየቅኋት።

"ስታርፊ ምን ታደርጊያለሽ?"

እንደ ትልቅ ሰው አሰበችበት። "እግሬን አወዛውዛለሁ" አለች። "ደግሞ ክር እጠቀልላለሁ።"

ክር ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ሹራብ ጀምሬ ያልጨረስኩት ቀዩ ክር ነው። ወንበሩን እግሯ ከመሬት እስኪለቅ ከፍ አደረግሁት። ሽቦዎቹን ሰብስቤ ትከሻዋ ላይ በፕላስተር ያዝኳቸው። ዐይኗን ጨፍና መጠቅለል ጀመረች። መስመሮቹ መጀመሪያ ትንሽ ተነቃነቁ። እኔም ጣቴን ማውሱ ላይ አድርጌ ልቆርጥ ስጠብቅ ለቀቁ። ረጋ አሉ። መስመሩን የሚያበላሽብን እጅ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ መንጋጋ ነው። መንጋጋ ደግሞ የሚጠብቀው "አትንቀሳቀሺ" ሲባል ነው። ፌንጣ አፏ ገርበብ ብሎ፣ እግሯ እየተወዛወዘ፣ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ንጹሕ ቅጂ ሰጠችኝ። በአንተ ሕግ እንኳ ሞልቶ የሚተርፍ ነው። "በቃ፣ ጨርሰናል" ስላት "ገና ነኝ እኮ" አለችኝ። ክሩ አላለቀም ነበር። ፊቴን ወደ ማሽኑ አዙሬ አለቀስኩ፤ ቀድሞ ማልቀስ የነበረብኝን ሁሉ አንድ ላይ።

ቅጂው ምን እንደሚል አላውቅም፤ ለማንበብ አንተ ታስፈልጋለህ። እኔ የማውቀው ልጄ መተባበሯን ነው። ያኔም ተባብራለች። "እየሞከርኩ ነው" ብላሃለች እኮ።

እና አንተ፣ ከሰው ሁሉ አንተ! ሌላ ሐኪም ቢጽፈው ይህን ያህል ባልተንገበገብኩ። ግቢያችን ውስጥ የነበረውን የልብስ ማስጫ ምሰሶ ረሳኸው? ፈተና ሲደርስ እሱን እየዞርክ ነበር የምታጠናው። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ መጽሐፉን ገልጬ ይዤ ከኋላህ እሮጣለሁ፤ አንተ በቃልህ ትላለህ፣ ስትሳሳት እጮኻለሁ። በምሰሶው ዙሪያ ሣር አልበቀለም ነበር። ጎረቤት "ይህ ልጅ ጤና የለውም" ይል ነበር። መምህርህም እናታችንን አስጠርተው "ልጅዎ ወንበር ላይ እሾህ የተተከለበት ይመስል አይቀመጥም" አሏት። እናታችን ምን እንደመለሰች ራስህ ነህ ለእንግዳ ሁሉ እየሳቅህ የምትተርከው። "ተቀምጦ ካልገባው አቁመው ያስተምሩልኝ። እኔ ልጅ እንጂ ወንበር አልወለድኩም።"

አቁመው አስተማሩህ። ከኋላ፣ መስኮቱ ጋ፣ ቆመህ ተማርክ። ቆመህ ዶክተር ሆንክ።

ፌንጣ የሚለውን ስም ለልጄ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ስሙ ያንተ ነበር። ልጄ መራመድ ሳይሆን መዝለል ስትጀምር እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እጇን አጨብጭባ "ፌንጣዬ ተመልሶ መጣ" ብላ ሰጠቻት። ያን ቀን ሳሎን ውስጥ ነበርክ። አቅፈህ ስመሃታል።

እንግዲህ የምፈልገውን ልንገርህ። ከዚያ ሰኞ በፊት ለትምህርት ቤቱ ጻፍ። ምርመራው ያልተሳካው በእኛ አሠራር ምክንያት እንደሆነ፣ በልጅቷ እንዳልሆነ ጻፍ። እየተንቀሳቀሰች እንድትማር ይፈቀድላት ብለህ ጻፍ፤ መስኮቱ ጋ ቦታ አለ፣ አይቻለሁ። ሪፖርትህ ላይም ስልሳ ስምንት ብለህ አስተካክል፤ ሃያ ሰባቱ ለምን እንደወጡም ግለጽ። ካልጻፍክ ግን ሰማያዊውን ደብተር ይዤ ጥናቶችን ወደሚመረምረው ኮሚቴ እሄዳለሁ። ይህን የምለው ላስፈራራህ አይደለም። እሺ፣ ላስፈራራህም ነው። የራሴ ስም በየገጹ ላይ ስላለ አብሬህ እጠየቃለሁ፤ ይጠይቁኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ወረቀት ታገኛለህ። ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ መሳቢያ ሳጸዳ ባለፈው ሳምንት ከእጄ ገባ። ማሽኑ ከካርቶን የወጣበትን ቀን አስታውስ። ልጅ ገና አልመጣም፤ "በል ከማን እንጀምር?" ስንባባል አንተ ወንበሩ ላይ ዘለህ ወጣህ። "ጤነኛ አንጎል ሲያርፍ ምን እንደሚመስል እንይ" አልከኝ። እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ዐይንህን ጨፈንክ። አምስት ደቂቃ ነበር የሞላሁት። በሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ኮፍያውን ራስህ አውልቀህ ተነሣህ። ጉልበትህ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ ከወረቀቱ ላይ ንጹሕ ቦታ ብትፈልግ አሥር ሰከንድ አታገኝም። "ማሽኑ ችግር አለበት፣ ሰርዢው" አልከኝ። እኔም ከኮምፒውተሩ ሰረዝኩት፤ የታተመው ወረቀት ግን መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ። ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ከአንተ በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋን አስቀመጥኳት፤ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

የመጀመሪያው ያልተቀመጠ ሰው አንተ ነህ። ለአንተ ማሽኑ ነበር ጥፋተኛው።

የወረቀቱ ግርጌ ላይ "አስተያየት" የሚል ቦታ አለ፤ ያን ቀን ምንም አልጻፍኩበትም፣ እስካሁን ባዶ ነው። እስክሪብቶ አንሣና ሙላው። ለራስህ የምትጽፈውን ለእሷም ጻፍላት።

መጽሐፉን ይዛ ከኋላህ ስትሮጥ የነበረችው
እህትህ